የአቶ ቡልቻ በርሊኖች

አቶ ቡልቻ ሰኞ ዕለት ምሳቸውን በልተው «በርሊኖቼን ልያቸው» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተንከባካቢያቸው ራህመት መድኃኒታቸውን ይዛ ስትሄድ፣ ርግብ ቤቱ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው አገኘቻቸው። አፋቸው አረፋ ደፍቋል፤ ጉልበታቸው ላይ ነጭ ፎጣ ተዘርግቷል። ሠላሳ አንድ ርግቦች በየመደርደሪያቸው ላይ ሆነው፣ ጌታቸው የሞቱ ሳይሆን ያንቀላፉ ይመስል፣ ያጉተመትማሉ።

ሰውየው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሳንባቸው በርግብ አቧራ ከተጎዳ ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከልጃቸው በቀር ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ቀብሩ ተፈጸመ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዘመረላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በአፋቸውና በሆዳቸው ውስጥ የተባይ ማጥፊያ መርዝ ተገኝቷል። ያን ቀን ለእሳቸው ምግብ የሠራችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

የራህመት ጠበቃ ብሩኪ ለነሲባ የደወለላት ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

«አርብ ጠዋት ሊያስሯት ነው» አላት። «ሦስት ቀን ነው ያለን። ትችያለሽ?»

«ሦስት ቀን ካለን ለምን ቆመን እናወራለን?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ነሲባ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለኢንሹራንስ ኩባንያ ሠርታለች፤ ሥራዋ ቤቴ ተቃጠለ፣ መኪናዬ ተሰረቀ የሚሉ ሰዎችን ቃል መመርመር ነበር። አሁን በግሏ ለጠበቆች ትመረምራለች። ተረጋግቶ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቤቷ የአሜሪካዋ ሳን ፓብሎ ከተማ ነው ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የምትኖረው መኪናዋ ውስጥ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ ስትሞቺ እንኳ ሬሳሽ ይንጎራደዳል» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም ብትሆን አትክደውም።

በዚያው ቀን ራህመትን ብሩኪ ቢሮ ውስጥ አገኘቻት። ራህመት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የወሎ ልጅ ናት፤ አቶ ቡልቻን ሁለት ዓመት ተንከባክባለች። ዓይኗ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ ዙሌይካ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትቀባለች።

«ሰኞ ምን ሠራሽላቸው?» አለች ነሲባ ቆማ።

«የአተር ክክ አልጫ። የሚወዱት እሱን ነው፤ ጨጓራቸው በርበሬ አይችልም ነበር።»

«አብረሽ በላሽ?»

«ጾመኛ ነበርኩ፣ እትዬ ነሲባ። ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ፖሊሱም የያዘኝ በሱ ነው። የሠራሽውን ለምን አልቀመስሽም ይለኛል። ሱና ጾምን እንዴት ኤክስፕሌን ላድርግለት?»

«ድስቱስ?»

«አጠብኩት። ሁልጊዜ አጥባለሁ፤ ሥራዬ እኮ ነው።»

ነሲባ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደች። አልቀመሰችም፤ ድስቱን አጥባለች፤ ከዚህ የባሰ ለመጠርጠር ሰው ሆን ብሎ ቢሠራ እንኳ አይሳካለትም። በእጇ የያዘችው የሐኪሙ ሪፖርት ደግሞ አለ፦ ከሟቹ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር ያልበሰለ የአተር ልጣጭ ተገኝቷል። መርማሪ መኮንኑ «አተር» የሚለውን ቃል በቀይ አስምሮበታል። ራህመት የሠራችው አተር፣ አፋቸው ውስጥ የተገኘው አተር፤ ለእሱ ነገሩ አልቋል።

«ርግብ ቤት ሲገቡ ጭምብል ያደርጉ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለች ራህመት ቶሎ ብላ። «አንድም ቀን ሳያደርጉ ገብተው አያውቁም።»

ይህን ስትል ዓይኗ እጇ ላይ ነበር። ነሲባ ውሸት ስትሰማ ያወቀችው ወዲያው ነው፤ ግን ሰው ራሱን ለማዳን የሚዋሸው ዓይነት አልመሰላትም። ስለዚህ ለጊዜው አልፋው ሄደች።

«ከታሰርኩ ላይሰንሴም ይሄዳል፣ ሥራዬም ይሄዳል» አለች ራህመት ድምፅዋን ቀንሳ። «እሱስ ግድ የለም። እሷን ግን ማን ይይዝልኛል? እዚህ አገር ከእኔ በቀር ማንም የላትም።»

ዙሌይካ ቀና ብላ «ማሚ፣ አይም ሃንግሪ» አለች። ነሲባ የመኪና ቁልፏን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ኦክላንድ ነበረች። አቶ ቡልቻ ይኖሩ የነበሩት በታችኛው ቤት ነው፤ ላይኛውን ለዓለምፀሐይ አከራይተውታል። ዓለምፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ በቢሮ ሥራ የተሰማራች፣ ደጃፏን በቀን ሁለቴ የምትጠርግ ሴት ናት። መጥረጊያዋን እንደያዘች ነው የተቀበለቻት።

«ለከተማው ኮምፕሌን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለች ሳትጠየቅ። «ላባው፣ ኩሱ፣ ድምፁ፤ ሦስት ዓመት ቻልኩ። ረቡዕ ኢንስፔክተር ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። ሰኞ ሞቱ።»

«ርግብ ቤቱ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ክንፍ ሲርገፈገፍ ስሰማ ልቤ ነው የሚጠፋው። ሃምሳ ሺህ ብር ብትሰጪኝ አልገባም።»

«የታችኛው ቤት ቁልፍስ ማን ጋ አለ?»

«እሳቸው፣ ፋሲልና ራህመት። እኔ ኪችናቸውን እንኳ ዓይቼው አላውቅም።»

ፋሲል ያለችው የአቶ ቡልቻን አንድያ ልጅ ነው። ሳኒቬል ውስጥ ኢንጂነር ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አባቱ ዘንድ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። የመጨረሻዋ እሁድም መጥቶ፣ እስከ ማታ ቆይቶ ነበር የሄደው።

ነሲባ ወደ ጓሮ ዘለቀች። በመንገዷ ጋራዡን ከፈተችው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ትቷቸው የሄዳቸው የአትክልት ተባይ ማጥፊያዎች መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ ጠርሙስ ያህል ክብ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ያለው አቧራ ስስ ነው። ፎቶ አነሳችውና በሩን መልሳ ዘጋችው።

ርግብ ቤቱ ከጣውላ የተሠራ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ክፍል ነው። በስልኳ የፖሊሱን ፎቶ ከፈተችና ካለችበት ቦታ ጋር አስተያየችው። ባልዲው እዚያው ነው። ከባልዲው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ምስማር አለ። በፎቶው ላይ ምስማሩ ጭምብል ይዟል፤ ማሰሪያው በሥርዓት ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ባልዲው ላይ ተቀመጠች። እጇን ስትዘረጋ ምስማሩን ነካችው። ለእሷ ረጅም ጊዜ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳትነሳ ቆየች።

ባህረዲን የደረሰው ያኔ ነበር። ከሳን ሆሴ በየቀኑ እየነዳ መጥቶ ርግቦቹን የሚያበላው እሱ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሰው በታክሲ ሲያመላልስ የሚውል፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከአቶ ቡልቻ ጋር አንዱ ሙስሊም አንዱ ጴንጤ ሆነው፣ ርግብ ያስተዋወቃቸው ርግብ ያጣላቸው ወዳጆች ነበሩ።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች ነሲባ።

«እኛ ያልተጣላንበት ሳምንት የለም» አለ ከረጢቱን እያወረደ። «የመጨረሻው ግን በነዚህ ነው።» ወደ ላይኛው መደርደሪያ አመለከተ። «የበርሊን ተገልባጭ ይባላሉ። የጀርመን ዘር ናቸው። ቡልቻ ልጅ ሆኖ ወለጋ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ሲያረባቸው አይቶ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲመኛቸው ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት ነው ያገኛቸው። ካሁኑ ጫጩቶች ሁለቱንም ሊሰጠኝ ቃል ገብቶ ዛሬ ነገ እያለ አበሳጨኝ።»

ርግቦቹ እግራቸው ላባ የለበሰ፣ ግንባራቸው ክብ፣ መንቁራቸው ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ነው።

«ተገልባጭ ካልክ አየር ላይ ይገለበጣሉ?»

«ስሙ ነው እንጂ ከተገለበጡ ዘመን አልፏቸዋል። ሰው ለውበት ብሎ መንቁራቸውን አሳጠረው፣ አሳጠረው፣ እንኳን ሊገለበጡ ልጃቸውን ማጉረስም አቃታቸው። ስለዚህ እንቁላላቸውን ለተራ ርግብ እናስታቅፋለን። ተራዎቹ ደግሞ ሁለት ሳምንት አሳድገው ይሰለቻሉ። ከዚያ በኋላ የሚያበላቸው ባለቤቱ ነው።»

«እንዴት? በማንኪያ?»

ባህረዲን ሳቀ። «ይህን መንቁር በማንኪያ? እንዲህ ነው።» ከኪሱ ጥቂት ጥሬ አወጣና አፉ ውስጥ ጨምሮ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። «ድፍን አተር ውሃ ውስጥ ታሳድራለህ። ልስልስ ሲል አፍህ ውስጥ ታሞቀዋለህ። ጫጩቱ መንቁሩን ከንፈርህ መካከል ከትቶ ይወስዳል። ቡልቻን ሐኪሙ ከልክሎት ነበር፤ ግን ማን ይሰማዋል?»

ነሲባ ምስማሩን አየች፤ ቀጥሎ ሰውየውን አየች።

«ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። ሁለቱም በሕይወት አሉ?»

«አንዱ ብቻ። ያኛውን በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት። የሚያበላው አጥቶ ነው ብዬ ሎሚው ሥር ቀበርኩት። ግን ግርም ይለኛል፤ የአንገቱ ከረጢት ሙሉ ነበር። የራበው ጫጩት አንገቱ እንዴት ይሞላል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፋሲል መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ርግብ አይወድም፤ የአባቴን ሳንባ የበሉት እነሱ ናቸው ባይ ነው። ግን ከፍሪጁ ውስጥ ያደረውን አተር ራሱ አውጥቶ ደፋ፤ ጠርሙሱን አጥቦ ጣለው። ከደረቁ እህል ብቻ ስጣቸው፣ ይኑሩልኝ አለኝ። አለቀስኩልህ።»

ባህረዲን ሲያወራ ወንድ አድርጓት ነበር፤ ነሲባ አላረመችውም። ሐሙስ ጠዋት በሃይዌዩ መጨናነቅ ውስጥ ወደ ሳኒቬል ስትነዳ መሪውን በጣቷ ትመታ ነበር። መኪናዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ያወቀችውን ነገር ባታውቀው በወደደች።

ፋሲልን ቢሮው ምድር ቤት ካለው ካፌ አገኘችው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በስድስት ዓመቱ ነው አሜሪካ የመጣው። አማርኛ ሁሉንም ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ወደ እንግሊዝኛው ያጋድላል። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎታል።

«አይ ትረስትድ ኸር» አለ ስለ ራህመት። «ቁልፍ ሰጠኋት። ዳድን ሰጠኋት። ፖሊስ ኢት ዋዝ ኢን ዘ ፉድ ይላል። ዋት ኤልስ ዱ ዩ ኒድ?»

«አባትህ ታመው ነበር አይደል?»

«ዶክተሩ ዋን ሞር ይር አለ። ከርግቦቹ ጋር ከቀጠለ አንድ ዓመት። ያለ እነሱ ሜይቢ አሥር። ለመንኩት። አለቀስኩ። ማስክ አደርጋለሁ፣ እነሱን ግን አልተውም አለኝ።» ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ማስኩን ኔቨር ቴክስ ኢት ኦፍ። ፕሮሚስ አድርጎልኛል።»

«ርግብ ቤት ትገባ ነበር?»

«ኖ። ኔቨር። ግን ኦል ዘ በርድስ አር ፋይን፣ ዩ ኖው። ምግባቸው ውስጥ ምንም የለም። ሠላሳ አንድ ነበሩ፣ ሠላሳ አንድ አሉ። ሶ የገደለው እሷ የሰጠችው ነው።»

ስለ ርግቦቹ ምግብ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ነሲባ ቡናዋን ሳትነካው ተነሳች።

«ዛሬ ዐሥር ሰዓት አባትህ ጓሮ ና» አለችው። «ሁሉም ይመጣሉ።»

«ሺ ቱ?»

«እሷም።»

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ በዐሥር ሰዓት ስድስት ሰዎች ሎሚው ዛፍ አጠገብ ተሰበሰቡ። ራህመት ከብሩኪ ጎን በፕላስቲክ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዓለምፀሐይ መጥረጊያዋን ትታ መጥታለች፤ ያለ እሱ እጇ የት እንደሚያርፍ አታውቅም። ባህረዲን ቆሟል፤ ፋሲልም ቆሟል። መርማሪ መኮንኑ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ ብሩኪ በጆሮው ይተረጉምለታል። ነሲባ በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ትላለች።

«ከምሳው ልጀምር» አለች። ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አወጣችና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ መዳፏ ላይ ዘረገፈች። «ይሄ ክክ ነው። አተሩ ተከክቶ፣ ልጣጩ ተገፍፎ፣ ለሁለት የተከፈለ። ራህመት የሠራችው በዚህ ነው። ይሄኛው ደግሞ ድፍን አተር ነው፤ ልጣጩን እንደለበሰ። ሐኪሙ ከአቶ ቡልቻ ጥርስ ሥር ያገኘው ምንድን ነው? ልጣጭ። ያውም ያልበሰለ። ክክ ወጥ ውስጥ ልጣጭ ከየት ይመጣል?»

«አይመጣም» አለች ዓለምፀሐይ። ለራህመት መመስከሯ የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

መኮንኑ ሁለቱንም መዳፍ ቀርቦ አየ። በሕይወቱ ክክ በልቶ የማያውቅ ሰው ነውና ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ሰረዘ።

«ድፍን አተር በዚህ ቤት የሚዘፈዘፈው ለሰው አይደለም፤ ለእነሱ ነው» አለች ነሲባ ወደ ርግብ ቤቱ እያመለከተች። «ታዲያ የርግብ ምግብ አቶ ቡልቻ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል? ጭምብላቸው መልሱን ይሰጠናል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጭምብሉን ቀዶ ይጥላል እንጂ ማሰሪያውን አጥፎ ምስማር ላይ አይሰቅልም። ደህና ሳሉ፣ በእርጋታ፣ አፋቸው ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ነው ያወለቁት። ራህመት፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

ራህመት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አደራ ብለውኝ ነው» አለች። «ጫጩቶቹን በአፋቸው ሲያበሉ አየኋቸው። ለማንም እንዳልናገር አደራ አሉኝ። ሰው ሞተ ተብሎ አደራ ይበላል?»

«ልትታሰሪ ነው እየተባልሽ?»

«ይሄ ከመርዙ ጋር ይገናኛል ብዬ በምን ላውቅ፣ እትዬ?»

ነሲባ አንገቷን ነቀነቀችና መሄዷን ቀጠለች። «መርዙ የነበረው ፍሪጅ ውስጥ ባደረው አተር ላይ ነው። አቶ ቡልቻ አተሩን አፋቸው ውስጥ አሞቁ፤ የመጀመሪያውን ጫጩት አበሉና ወደ ጎጆው መለሱት። ለሁለተኛው አፋቸውን ሲሞሉ ግን ጉልበት ከዳቸው። ሁለተኛው ሳይበላ ስለቀረ ዛሬም አለ። የመጀመሪያው ባህረዲን እንደነገረኝ አንገቱ ሞልቶ ሞተ፤ የተቀበረው እዚሁ እግራችን ሥር ነው፣ ላቦራቶሪ ሊወስደው ይችላል። ትልልቆቹ ርግቦች ደረቅ እህል እንጂ ያደረ አተር አይሰጣቸውም። ለዚህ ነው አንዳቸውም ያልተነኩት።»

ፋሲል እዚህ ላይ ክንዱን ከደረቱ አወረደ። የሰማው ነገር ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰውም፤ ፊቱ ላይ ግን አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። ነሲባ አየችው፤ ማቆምም ፈልጋ ነበር። ሆኖም ራህመት ወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ነገም አርብ ነው።

«እንግዲህ አተሩን የመረዘው ማን ነው? ባህረዲን እንዳይሆን፣ አበላሉን ያውቃል፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ለእሱ የተቀመጡ ናቸው። እጁን በራሱ ስጦታ ላይ አያነሳም። ዓለምፀሐይ ቁልፍ የላትም፤ የከተማው ኢንስፔክተር በሁለት ቀን ውስጥ ሊመጣላት ነበር፤ መታገስ ብቻ ነበረባት። ራህመትም አበላሉን ታውቃለች። ልትገድላቸው ብትፈልግ በቀን ሦስት ጊዜ የምትሰጣቸው ምግብና መድኃኒት እያለ፣ የርግብ አተር ምን ያደርግላታል? ደግሞም አተር በመረዘችበት ቀን አተር ሠርታ ራሷ ላይ ጣት አታስቀስርም።»

«ሶ ሁ?» አለ መኮንኑ።

«እኔም እስከ ትናንት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አቶ ቡልቻን ሊገድል የፈለገ ሰው እፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የለም።» ቆመች። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ቆመች። «አተሩ የርግብ ምግብ ነው። የመረዘውም ርግቦቹን ሊገድል ነው። አተሩ ለሁሉም ርግቦች የሚሰጥ መስሎታል። አቶ ቡልቻ አፋቸው ውስጥ እንደሚከቱት አያውቅም፤ ከእሱ ነበርና አጥብቀው የደበቁት። በርሊኖቹ የመጡት እሱ ከቤት ከወጣ በኋላ ስለሆነ በልጅነቱም አላየውም። ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ የጠፋ ጠርሙስ አለ። እሁድ ኪችኑ ውስጥ ነበር፤ ቁልፍም አለው። በማግስቱ ትልልቆቹ ርግቦች ሁሉ በሕይወት መኖራቸውን ሲያይ፣ አባቴ አተሩን ሳይሰጣቸው ነው የሞተው፣ ሌላ ነገር ነው የገደለው አለ። ራህመትን የከሰሳትም ከልቡ ነው፤ አልዋሸም። ግን ያደረውን አተር ብቻ ለይቶ ደፋ፤ ጠርሙሱን አጥቦ ጣለ። ደረቁን እህል አልነካውም። የትኛው እንደተመረዘ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚለየው።»

ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ባህረዲን «ያ አላህ» ብሎ ዛፉን ተደገፈ።

ፋሲል ወደ ርግብ ቤቱ ዞረ። ከዚያ ወደ ራህመት ዞረ።

«በአፉ?» አላት።

«በአፋቸው» አለች ራህመት።

«ሁልጊዜ?»

«ጫጩት ባለ ቁጥር።»

«እኔ...» አለ። ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ መዳፉን መሬቱ ላይ አሳረፈ። «አንድ ዓመት ነው ያለው አለኝ ዶክተሩ። ርግቦቹ ቢሞቱ ያዝናል፣ ከዚያ ይድናል አልኩ። እንዲድን ነው። ጋሼ ባህረዲን፣ እንዲድን ነው።»

ዓለምፀሐይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ነሲባ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ለሰው ያላትን ሐዘን መደበቅ አትችልበትም፤ ያኔም አልደበቀችውም።

«አተሩን ባትደፋው ኖሮ ላገኝህ አልችልም ነበር» አለችው። «ለምን ደፋኸው?»

«እንዳይሞቱ» አለ ፋሲል። «እሱ ከሄደ በኋላ ለምን ይሞታሉ? የሚወዳቸው እነሱን ነው።»

መኮንኑ የሚለውን ሁሉ ከብሩኪ እየሰማ ጻፈ። ፋሲል በኋላ ራሱ በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው፤ ጠርሙሱን ከየትኛው መደርደሪያ እንዳነሳ፣ ስንት ሰዓት ላይ ፍሪጁን እንደከፈተ፣ አባቱ ያኔ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ያዩ እንደነበር። ምንም አላስቀረም። ሲጨርስ መኮንኑ ደብተሩን አጠፈ። ወደ ራህመት ሄዶም ስለ እሷ የተጻፈው እንደሚነሳ፣ መሄድ እንደምትችል ነገራት። ከዚያ መኪና ለመጥራት ወደ በሩ ወጣ።

ብሩኪ የራህመትን ቦርሳ አነሳላት። «እንሂድ፤ ዙሌይካ ከትምህርት ቤት ወጥታ ጎረቤት ጋ እየጠበቀችሽ ነው።»

ራህመት ተነሳች፤ ወደ በሩ ግን አልሄደችም። ቀብሩ ላይ እንዳትገኝ ያስከለከላት፣ ለአምስት ሳምንት ስሟን በየሰዉ ፊት ገዳይ እያለ የጠራው ሰው መሬት ላይ ተንበርክኳል። የፕላስቲክ ወንበሯን አንስታ አጠገቡ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችና ተቀመጠች።

«ሂጂ ተብለሽ የለ?» አለቻት ነሲባ በቀስታ። «ነገሩ አለቀ እኮ።»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አለች ራህመት። «ለቅሶ ሳልደርስ ነው የቀረሁት። መኪናው እስኪመጣ ልቀመጥ።»